መስክ ማለት ባዶ መሬት ማለት አይደለም

የአስተዳደር ጽሕፈት ቤትና የንግድ ቤት በሥራቸው ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ጕዳያቸውን የሚፈጽሙት በተጻፈ ቃል ነው። ሹም በደብዳቤ ያዝዛል፤ ነጋዴ በውል ይገዛል፣ በውል ይሸጣል። በደብዳቤው ወይም በውሉ የገባው አንድ ቃል ከትክክለኛ ትርጕሙ ቢዛነፍ ጕዳቱ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከጻፈውና ከፈረመው ሰው ይልቅ ወረቀቱን በዓይኑ አይቶት በማያውቀው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የቃላትን ትርጕም መመርመር ለመምህራን ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም፤ መሬት የሚያስተዳድር ሹምና ከብት የሚነግድ ነጋዴም ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው «መስክ» የተባለውን ቃል ነው። ቃሉን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም። ነገር ግን ይህ ቃል ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ አማርኛ በሚተረጐምበት ጊዜ ከጎረቤቶቹ ከ«ሜዳ»ና ከ«ባዶ መሬት» ጋር ሲደባለቅ ደጋግመን አይተናል። ድብልቁ የቋንቋ ውበት ብቻ የሚነካ ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን ባለፍነው ነበር፤ ነገሩ ግን የሰው መተዳደሪያ የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ልናትትበት ወደድን።

ሜዳ፣ መስክና ጨፌ

በመጀመሪያ «ሜዳ»ን እንመልከት። ሜዳ የመሬትን መልክ የሚናገር ቃል ነው። ተራራ ያይደለ፣ ገደልም ያይደለ፣ የተዘረጋ መሬት ሁሉ ሜዳ ነው፤ ሣር ይኑርበት ወይም አይኑርበት ቃሉ አይነግረንም። አሸዋ የለበሰው ሜዳ ነው፤ ጨው የነጣበት ሜዳ ነው፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትም ሜዳ ነው። በትግርኛ «ጎልጎል» የሚባለው እንደዚሁ የመሬቱን ዝርጋታ የሚያመለክት ነው፤ ጎልጎል ሐዘሞ ሲባል ሰሚው የሚያስበው ስፋቱንና ግልጥነቱን ነው።

የሕዝቡም አነጋገር ይህን የሜዳን ጠባይ ጠብቆታል። ችሎታውን አብዝቶ ለሚናገር ሰው «ፈረሱም ይኸው፤ ሜዳውም ይኸው» ይሉታል፤ እዚህ ላይ ሜዳው ለሮጠ ሁሉ የተከፈተ ስፍራ ነው። ዘመድና ረዳት ያጣ ሰው «ሜዳ ላይ ቀረ» ይባላል። ባልንጀራው የከዳውም «አውላላ ሜዳ ላይ ጣለኝ» እያለ ያማርራል። በነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ሜዳ ባለቤት የሌለው፣ መጠጊያ የማይገኝበት ስፍራ ነው።

መስክ ግን ከሣርና ከከብት ተለይቶ አይታሰብም። «ላሞቹ መስክ ላይ ናቸው» ስንል ላሞቹ የሚበሉት እንዳላቸው፣ የሚጠብቃቸውም እንዳለ ተናገርን ማለት ነው። መስክ ይለመልማል፣ ይደርቃል፣ ይጋጣል፣ ይከለከላል፣ ይከፈታል። ለሜዳ እነዚህ ግሶች አይስማሙትም። ሜዳ ይለመልማል የሚል ሰው ቢገኝ በልቡ ያሰበው መስክን ነው።

ቃሉ ከከብት ጠባቂው አፍ ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤትም ገብቷል። ሠራተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ ጕዳዩ ካለበት ቦታ ድረስ ሲሄድ «የመስክ ሥራ» ወጣ ይባላል። «በሕክምና መስክ»፣ «በትምህርት መስክ» ማለትም የተለመደ ሆኗል፤ ኢጣልያኖች «ካምፖ» የሚለውን ቃል፣ እንግሊዞችም «ፊልድ» የሚለውን ለእርሻም ለሙያም እንደሚጠቀሙበት ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «መሰማሪያ» የተባለው የመስክ ወንድም ነው። መሰማሪያ ከብት ወጥቶ የሚግጥበት ስፍራ ሲሆን፣ ግሱ «አሰማራ»፣ «ተሰማራ» ነው። ዛሬ «በንግድ ሥራ የተሰማራ» ብለን ስንጽፍ፣ ወይም ሠራተኞችን በየቦታቸው የሚመድበውን ክፍል «ሥምሪት» ስንለው፣ ሳናስበው የምንናገረው በእረኛ ቋንቋ ነው። ነጋዴውም ሹሙም በአማርኛ ሥራቸው የሚነገረው ከመስክ በተወሰደ ቃል ነው። ይህ የሚያሳየን ለአባቶቻችን መስክ የሥራ ቦታ ምሳሌ እንደ ነበረ ነው፤ ሰው ሥራ የማይሠራበትን ቦታ ለሥራ ምሳሌ አድርጎ የሚወስድ ሕዝብ የለም።

ሦስተኛው ቃል «ጨፌ» ነው። ጨፌ ውኃ የማይለየው፣ በበጋም ቢሆን አረንጓዴነቱን የማያጣ የሣር መሬት ነው፤ በበዓል ቀን ቤት የሚጐዘጐዘው ቄጤማም የሚታጨደው ከእንዲህ ያለው ርጥብ ስፍራ ነው። በወሎ ከሚሴ አጠገብ ያለው የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ መሬት በበጋ ወራት ከቆላ ለሚወጡት ለአፋር ከብቶችም ሆነ ለአካባቢው የኦሮሞ ከብቶች መጠጊያ በመሆኑ የታወቀ ነው። በኦሮምኛ ደግሞ ይኸው ቃል ከሣር አልፎ ሸንጎን ሊያመለክት በቅቷል፤ የገዳ ሥርዓት ጉባኤ የሚሰበሰበው በእንዲህ ያለ ስፍራ ስለ ነበረ የጉባኤው ስም ጨፌ ሆነ። ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ ይባላል። ሕግ የሚወጣበት ቤት በሣር መሬት ስም መጠራቱ የሣር መሬት ሕግ አልባ ስፍራ እንዳልነበረ ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክር ነው።

ቃሉ በመጻሕፍት

በግእዝ መጻሕፍት ለዚህ ዓይነት መሬት ልዩ ልዩ ቃላት ይገኛሉ። «ሐቅል» ከመንደር ውጭ ያለው ክፍት መሬት ነው፤ ዐረቦችም እርሻውን በዚሁ ስም ይጠሩታል። «ገዳም» አስቀድሞ ሰው የማይሰፍርበትን ዱርና ምድረ በዳ ሲያመለክት ቆይቶ፣ መነኮሳት ከዓለም ተለይተው ወደዚያ ስለ ገቡ የሚኖሩበት ቤት ስም ሆነ። ዛሬ ገዳም ሲባል ክፍት ሜዳ የሚታየው ሰው የለም፤ ስፍራው በሚኖሩበት ሰዎች ሥራ ተጠራ። «መርዔት» ደግሞ መንጋን የሚመለከት ሲሆን፣ በዐረብኛ «መርዓ» ከሚባለው የመንጋ መሰማሪያ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚሠራ ሰው ሩቅ አገር ሳይሄድ ለመስክ የሚስማማውን ቃል በቤቱ ያገኘዋል።

በሥነ ጽሑፍ ረገድ የመስክን ክብደት ለማየት የዳዊትን 22ኛ መዝሙር የመሰለ የለም። ይህን የምናነሣው የሃይማኖት ነገር ለመስበክ ሳይሆን ብዙ ቋንቋዎች አንዱን አሳብ እንዴት እንደ ያዙት ለማስተያየት ነው። ግእዙ በሁለት ቃላት ሣር የለበሰ አገር ብሎ ያስቀምጠዋል። በ1865 እ.ኤ.አ. በቤይሩት ታትሞ የወጣው ዐረብኛ «መርዓ»ን በብዙ ቍጥር «መራዒ» ብሎ ተጠቀመ። ኢጣልያንኛው «ፓስኮሊ» ይላል፤ ይኸውም የግጦሽ ስፍራ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው አማርኛ ደግሞ ከቃላቱ ሁሉ መርጦ «መስክ» አለ፤ ለምለምነቱንም ጨመረበት። «ሜዳ» ቢል ኖሮ ሰዋስዉ ባልተሰበረ፤ ነገር ግን አንባቢው እረኛውን ባላየው ነበር።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የማቴዎስ ወንጌል 6ኛው ምዕራፍ ስለ አበቦችና ዛሬ ታይቶ ነገ ስለሚቃጠለው ሣር ሲናገር የሚጠቀምበት ቃል «ሜዳ» ነው። ማንም ያልዘራው፣ ማንም የማይጠብቀው ሣር ስለ ሆነ ሜዳ ይስማማዋል። በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች የተርጓሚዎቹ ምርጫ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደ ነበረበት እናያለን፤ እረኛ ባለበት መስክ አሉ፣ እረኛ በሌለበት ሜዳ አሉ። እኛም ዛሬ በመንግሥት ወረቀትና በንግድ ውል ልንከተለው የሚገባ ልክ ይህ ነው።

ከሳጃና እስከ ቡታና

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን እንሻገር። በካርቱም ከመሐል ከተማው ወደ ደቡብ ሲሉ ሳጃና የሚባል የታወቀ ሠፈር አለ። የስሙ ምንጭ «ሰጃን» የሚለው የዐረብኛ ቃል ሲሆን ትርጕሙ የወህኒ ጠባቂ ማለት ነው። ሠፈሩ ግን በስመ ጥርነት የሚታወቀው በወህኒ ሳይሆን በገበያው ነበር፤ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ እንጨትና ሌላም የቤት መሥሪያ ዕቃ የፈለገ ሰው ወደ ሳጃና ይሄድ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሣር ቤት የሚባለው ሠፈር የሣር ክዳን ቤቶቹን ካጣ በኋላ ስሙን እንደ ጠበቀ ሁሉ፣ ሳጃናም ትርጕሙን ረስቶ ስሙን ይዟል። በዚህ ሠፈርና በአቅራቢያው ባለው በደይም ዙሪያ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የመጡ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ሲሠሩና ሲነግዱ ኖረዋል።

ዐረብኛ ያልለመደ አማርኛ ተናጋሪ «ሳጃና»ን ከ«ሳቫና» ጋር ቢያመሳስለው አይፈረድበትም፤ ድምፃቸው ይቀራረባል፣ ዝምድና ግን የላቸውም። «ሳቫና» ከሩቅ የመጣ ቃል ነው። የካሪብ ባሕር ደሴቶች ነዋሪዎች ከነበሩት ከታይኖ ሕዝብ ቋንቋ እስፓኞች በ16ኛው ምእተ ዓመት ወሰዱት፤ በዚያን ጊዜ ዛፍ የሌለበትን የሣር ሜዳ ያመለክት ነበር። ዛሬ የጂኦግራፊ ሊቃውንት ሣርና አልፎ አልፎ ዛፍ ያለበትን ሞቃት አገር ሳቫና ይሉታል። በሱዳን ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት «ሳፋና» ተብሎ ገብቶ «ድኻ ሳፋና» እና «ሀብታም ሳፋና» ተብሎ በዝናቡ መጠን ይከፈላል። ለትምህርት መጽሐፍ ቃሉ ይጠቅማል። ለአስተዳደርና ለውል ግን አይበቃም፤ የዝናቡን ልክ ቢነግረንም ከብት ይዞ የሚገባውን ሰው አይነግረንምና። ከብት አርቢው በመጽሐፍ «ድኻ» የተባለውን መሬት ከ«ሀብታሙ» አብልጦ የሚወድበት ጊዜ መኖሩንም አይነግረንም።

ይህን ለመረዳት ቡታናን ማየት ይበቃል። ከካርቱም ጥቁር ዓባይን ወደ ምሥራቅ ከተሻገሩ በኋላ እስከ አትባራ ወንዝ ድረስ የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ቡታና ይባላል። የጥንት የግሪክና የሮም ጸሐፊዎች የመርዌ ደሴት ያሉት አገር ይኸው ነው፤ የመርዌ ፍርስራሾችም በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ከኢትዮጵያ የሚወርደው ተከዜ ድንበሩን ሲያልፍ ሰቲት ተብሎ፣ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎ የዚህን መሬት ምሥራቃዊ ወሰን ያጠጣል። ስለዚህ ቡታና ለኛ ሩቅ አገር አይደለም።

የቡታና ጠባይ እንዲህ ነው። በበጋ ወራት የሚያልፍበት መንገደኛ ከደረቅ መሬት በቀር የሚያየው ነገር ጥቂት ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜ ግን ሣር ያለብሰዋል። በዚያን ጊዜ በደቡብ ያለው ጥቁር ዋልካ መሬት ጭቃ ይሆናል፤ ከብትና ግመል የሚያሠቃየው ዝንብም ይበዛል። ስለዚህ ሹክሪያና ሌሎቹ ከብት አርቢ ነገዶች መንጋቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ወደ ቡታና ይወጣሉ፤ ዝናቡ አልፎ ሣሩ ሲያልቅም ወደ ወንዞቹ ይመለሳሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እ.ኤ.አ. በዚህ አገር ሲያልፍ ይህንኑ የወቅት ለውጥና የመንጋውን ጕዞ አይቶ በመጽሐፉ አስፍሮታል። መሬቱ በዓመቱ ግማሽ ባዶ የሚመስለው ባለቤት ስለ ሌለው ሳይሆን ባለቤቱ የሣሩን ጊዜ ስለሚጠብቅ ነው።

ቡታና የራሱ ሥነ ጽሑፍም አለው። አራት አራት ስንኝ እየሆነ ቤት የሚመታው «ዶቤት» የተባለው የሱዳን የቃል ግጥም በዚህ አገር እጅግ ተወድዶ ይኖራል፤ ዶቤቶቹ ተያይዘው የአንድ ጕዞ ታሪክ ሲናገሩ «ሙስዳር» ይባላሉ። በ19ኛው ምእተ ዓመት የተነሣው፣ ከሹክሪያ የአቡ ሲን ቤተ ሰብ የሆነው አል ሐርደሎ በዚህ ሙያ ስመ ጥር ነው። ከታወቁት ግጥሞቹ አንዱ ሚዳቋ ሣርና ውኃ ፍለጋ በቡታና ውስጥ የምታደርገውን ጕዞ እየተከተለ ይተርካል፤ በጕዞውም የየስፍራውን ስም ይጠራል። ለከተማ ሰው አንድ ወጥ ሜዳ የሆነው መሬት ለባለ ቅኔው ስም ያላቸው የብዙ ስፍራዎች ስብስብ ነው። ስም የተሰጠው መሬት ደግሞ የታወቀ፣ የተመላለሱበት መሬት ነው።

የዚህን ጥቅም በሥራችን የገጠመን አንድ ነገር ሊያስረዳ ይችላል። ከሱዳን ጦርነት በፊት በሳጃና ገበያ እንጨትና ብረት የሚነግድ አንድ የአገራችን ሰው፣ በጎችን አድልቦ ለመሸጥ አስቦ በቡታና በኩል መሬት ለመከራየት ይዋዋላል። ውሉ በዐረብኛ «አርድ ፈዳ» ይል ነበር፤ ወደ አማርኛ የመለሰለትም ሰው «ባዶ ሜዳ» ብሎ ጽፎለታል። ነጋዴው ትርጕሙን እንድናይለት ላከልን። «ፈዳ» ሕንፃ ያልተሠራበት ማለት እንደ ሆነና ስለ ግጦሽ ምንም እንደማይናገር፣ ስለዚህ መሬቱ «መርዓ» መሆን አለመሆኑን ከመፈረሙ በፊት እንዲጠይቅ ጻፍንለት። እርሱም ሰው ላከ። ወሩ ጥር ስለ ነበረ በቦታው ላይ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ነገር ግን የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም የተቈፈረ ሐፊርና ወደ ሐፊሩ የሚያመራ የከብት ዱካ ተገኘ። በአቅራቢያው ያሉ መንደርተኞች ሲጠየቁ ባለ ከብቶቹ ከዝናቡ ጋር እንደሚመጡ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ሐፊሩ እንዳይዘጋ፣ «ሙርሃል» የሚባለውም የመንጋ መንገድ ክፍት እንዲሆን በውሉ አስገብቶ ፈረመ። አንዲት ቃል ባትጠየቅ ኖሮ ሐምሌ ላይ የሚሆነውን ማሰብ አያስቸግርም።

ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የሳጃናና የአካባቢው ሰው ተበተነ፤ ከተማው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊት እጅ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል የውጊያ ስፍራ ሆነ። ከወጡት ኢትዮጵያውያንና ሌሎችም ብዙዎቹ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ አመሩ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጐዳው ሣሩ ነው የሚለው ምሳሌ በሁለት መንገድ ተፈጸመ፤ በሰውም፣ ሰው በሸሸበት መስክም።

የጓሳ ምሳሌ

የሣር መሬት ባለቤትና ሥርዓት እንዳለው የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን ከመንዝ ጓሳ የሚበልጥ አይገኝም። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ጠንካራ ሣር ነው። ሣሩ የበቀለበት ደጋም በሣሩ ስም ጓሳ ተባለ። ይህ መሬት በሰሜን ሸዋ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እንደ አገሩ ትውፊት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች መሬቱን ተካፍለው፣ ልጆቻቸው «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። በዚህ ሥርዓት ሣሩ እንዲያገግም መስኩ በተከታታይ እስከ 3 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ሲከፈት የሚታጨድበትና የሚጋጥበት ጊዜ የታወቀ ነበር፤ ትእዛዙን የጣሰም ይቀጣ ነበር። እንግዳ ሰው በተዘጋበት ዓመት ቢመጣ ከብት የሌለበትን ሰፊ ሣር አይቶ «ይህ መሬት ሥራ ፈትቷል» ሊል ይችላል። ግን መሬቱ ከሁሉ ይልቅ በጥብቅ የሚጠበቀው በዚያው ዓመት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቍጥር 31 ሲወጣ የቀሮ ሥርዓት መሠረቱን አጣ። አዋጁ ጭሰኛን ከባለ ርስት ጫና ነጻ ያወጣ ታላቅ ለውጥ ቢሆንም፣ ለእንዲህ ያለው የወል መስክ ራሱን የቻለ ስም አላዘጋጀለትም ነበር። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ መስኩን በሌላ መንገድ መልሶ ለማቆም ጥሯል፤ ጓሳ ዛሬ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኖ በቀይ ቀበሮውና በጭላዳ ዝንጀሮው ይታወቃል።

ሕግና ቃል

ቃል ወደ ሕግ ሲገባ ክብደቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ጥቂት ምሳሌ እንጥቀስ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ130ኛው አንቀጽ በማንም ሰው ስም ያልተያዘውን ሀብት፣ የግጦሽ መሬትንም ጭምር፣ የመንግሥት ሀብት አደረገው። በከብት አርቢ አገር መሬት በአንድ ሰው ስም አይያዝም፤ በነገድና በጎሣ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ «በስም ያልተያዘ» የሚለው ሐረግ መሬቱን ባንድ ጊዜ ባለቤት አልባ አደረገው። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ሲቋቋምና በወንዙ ዳር የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ የአፋር ከብት አርቢዎች በድርቅ ጊዜ የሚጠጉበትን የወንዝ ዳር መስክ እያጡ ሄዱ። ብዙም ሳይቈይ የመጣው የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ መጠጊያቸውን ባጡት ላይ ጸናባቸው።

በሱዳንም የሆነው ከዚህ አይርቅም። በ1964 እ.ኤ.አ. በአትባራ ወንዝ ላይ የኻሽም አል ጊርባ ግድብ ተሠራ፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ አገራቸውን ከዋጠባቸው ከዋዲ ሐልፋ የመጡ 50 ሺህ ያህል ኑባውያንም በቡታና ምሥራቃዊ ክፍል በአዲስ ሐልፋ ሰፈሩ። ኑባውያኑ ራሳቸው የተፈናቀሉ በመሆናቸው አይወቀሱም፤ ነገር ግን የሰፈሩበት መሬት የሹክሪያና የሌሎች ከብት አርቢዎች መስክ ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ሕግ ወጣ። በቡታናም ሆነ በሌላው የሱዳን ገጠር አብዛኛው የግጦሽ መሬት ያልተመዘገበ ነበርና የሕጉ ፍጻሜ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ከዚህ ወዲህ የቃሉ ስፍራ በሕግ ተሻሽሏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ ለከብት አርቢዎች የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት ሰጠ። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 456 የወል ይዞታ እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊለወጥ እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1324 ተተክቷል። አንቀጹ ምንም ይበል ምን፣ በሥራ ላይ የሚያውለው በየወረዳው ተቀምጦ ቅጽ የሚሞላው ጸሐፊ ነው። በቅጹ ላይ «ባዶ መሬት» ብሎ ከሞላ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው መብት በዚያ ወረቀት ላይ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም፤ «የወል መስክ» ብሎ ከሞላ ግን ከበላይ ያለው ሹም ከመወሰኑ በፊት መስኩ የነማን ወል እንደ ሆነ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።

እንግዲህ ለአስተዳዳሪዎችና ለነጋዴዎች በበኩላችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በማናቸውም ደብዳቤ፣ ቅጽ ወይም ውል ላይ ስለ ሣር መሬት ከመጻፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ በመሬቱ ላይ በዝናብ ጊዜ ምን ይበቅላል? በየትኛው ወር ማን ይገባበታል? የሚገባውስ በማን ፈቃድ ነው? የሦስቱም መልስ «ምንም» እና «ማንም» ከሆነ ባዶ ሜዳ ተብሎ ይጻፍ። ለአንዱ እንኳ የሰው ወይም የነገድ ስም ከተገኘ ግን መሬቱ መስክ ነው፤ በዐረብኛም «ፈዳ» ሳይሆን «መርዓ» ይባል። ውኃ የማይለየው ከሆነ ጨፌ ይባል፤ ማኅበር በሥርዓት የሚጠብቀው ከሆነም ሥርዓቱ በስሙ ይጠቀስ። «ሳቫና» የሚለውም ለጂኦግራፊ መምህራን ይቈይላቸው።

መልሱን ለማግኘት የሚሄደውም ሰው በበጋ ብቻ አይሂድ። በጥር ወር ባዶ ሆኖ የታየው መሬት በሐምሌ ወር የብዙ ቤተ ሰብ ወተት የሚወጣበት ሊሆን ይችላልና፣ ፊርማው አንድ ክረምት ቢዘገይ ከሚገኘው ጕዳት ይልቅ የሚቀረው ጠብ ይበልጣል።